ጂምኒ ወይስ ደስተር? ከመግዛትዎ በፊት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ላንድ ክሩዘር ለመግዛት አቅሙ የማይፈቅድለት፣ ኮረኮንች መንገድ ግን የማይቀርለት ሰው ዓይኑ ከሚያርፍባቸው መኪኖች መካከል ሱዙኪ ጂምኒ እና ዳቺያ ደስተር ይገኙበታል። ጂምኒ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ሲሠራ የኖረ የጃፓን መኪና ነው። ደስተር ደግሞ በ2010 ከሩማንያ ወጥቶ አውሮፓን ያዳረሰ ነው። ሁለቱን በአንድ ዓይን የሚያይ ገዢ ግን ከከፈለ በኋላ መቆጨቱ አይቀርም።

የመጀመሪያው ስህተት የመኪናውን መጠን በቁመናው መገመት ነው። በ2018 የወጣው ጂምኒ ከፍታው 1.72 ሜትር ስለሆነ ከ2019ኙ ቶዮታ ራቭ ፎር እንኳ ይበልጣል። ርዝመቱ ግን ከኋላ የተሰቀለው ስኮርት ጎማ ተቆጥሮም 3.65 ሜትር ብቻ ነው፤ ደስተር 4.34፣ ራቭ ፎር 4.6 ሜትር ይደርሳሉ። ለሰውና ለዕቃ ቦታ የሚፈጥረው በዋናነት ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት ነው። እሱም በጂምኒ 2.25፣ በደስተር 2.67 ሜትር ነው።

በዚህ የተነሳ ባለሦስት በሩ ጂምኒ የሚይዘው አራት ሰው ነው። አራቱም ከተሳፈሩ ለዕቃ የሚተርፈው 85 ሊትር ቦታ ነው፤ አንድ ትልቅ ሻንጣ እንኳ አያስገባም። «ባለአምስት በሩ አለ» ይባል ይሆናል። እውነት ነው፣ በ2023 ወጥቷል፣ የዕቃ ቦታውም ወደ 210 ሊትር አድጓል፤ ወንበሩ ግን አሁንም ለአራት ሰው ነው። ሦስት ልጆች ላሏቸው ወላጆች ይህ መኪና አይሆንም። ሊያዩት ሲሄዱ ቤተሰቡን ይዘው ሄደው ሁሉንም ያስቀምጧቸው።

ብዙ ገንዘብ የሚያስበላው ስህተት ግን «ፎር ባይ ፎር ነው» የሚለውን ቃል ሳያጣሩ ማመን ነው። ብዙዎቹ ደስተሮች የሚነዱት በፊት ጎማ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ትውልድ ከመሬት ያላቸው ከፍታ ከፎር ባይ ፎሩ የሚያንሰው በ5 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ በውጭ መልካቸው አይለዩም። ጎንበስ ብለው ከሥር ይመልከቱ፤ ወደ ኋላ የሚሄድ ዘንግና የኋላ ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ክፍል) ከሌለው ፎር ባይ ፎር አይደለም። እውነተኛው ፎር ባይ ፎር ሲሆን ደግሞ የዕቃ ቦታው ከ475 ወደ 408 ሊትር ይቀንሳል። አስፋልት ላይ ለሚውል ሰው የፊት ጎማው በቂ ነው ባይ ነኝ።

ጂምኒ ከዚህ ይለያል። አካሉ የሚያርፍበት ራሱን የቻለ የብረት ሻንሲ፣ ግራና ቀኝ ጎማን የሚያያይዝ ድፍን አክስልና ለዳገት የሚሆን ከባድ ማርሽ አለው፤ ደስተር ይህ ማርሽ የለውም፣ ማርሹ በእጅ በሚቀየረው (ማኑዋል) ላይ አጭሩ አንደኛ ማርሽ ነው የሚረዳው። ነገር ግን ጂምኒ በፊትና በኋላ አክስል መካከል ዲፈረንሻል ስለሌለው በደረቅ አስፋልት ላይ በአራቱም ጎማ መንዳት አይገባም። ሲታጠፍ ጎማዎቹ እኩል ስለማይሄዱ ማርሹና አክስሉ ይጨነቃሉ። ጭቃው ሲያልቅ ወደ ሁለት ጎማ መመለስ ግዴታ ነው።

ከመሬት ከፍታን በአንድ ቁጥር ማወዳደርም ያሳስታል። ሁለቱም ወደ 21 ሳንቲ ሜትር ይጠጋሉ። የጂምኒ ዝቅተኛ ቦታ አክስሉ ላይ ያለው ዲፈረንሻል ስለሆነ ጭነት ሲበዛም ያው ነው፤ ደስተር ግን ሰውና ዕቃ ሲሞላ ሆዱ ወደ መሬት ይወርዳል። ቦይ ሲሻገሩ ፓራውልቱን ከመፋቅ የሚያድነው ደግሞ መኪናው ሳይነካ ሊወጣው ወይም ሊወርደው የሚችለው የፊትና የኋላ ማዕዘን ነው፤ የጂምኒ 37 እና 49 ዲግሪ ሲሆን፣ የደስተር የፊቱ 30 ገደማ ነው።

ስለ ጉልበት አጭር ነገር ልበል። የጂምኒ 1.5 ሊትር ሞተር 102 የፈረስ ጉልበት ያለው በባሕር ጠለል ከፍታ ነው። ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ ቱርቦ ስለሌለው፣ አየሩ በሚሳሳበት አዲስ አበባ ላይ ከአምስት አንዱን ያህል ያጣል። አራት ሰው ጭኖ ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ሲወጣ ዝግ ማለቱ የሞተር ብልሽት አይደለም።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎችን ወደ አገር ማስገባት ስለከለከለች፣ ገዢው በአብዛኛው የሚያገኘው ያገለገለ ነው። ያገለገለ ጂምኒ በሰፈር ውስጥ ብቻ ነድቶ መግዛት ስህተት ነው። ወደ ቀለበት መንገድ አውጥተው በሰዓት ከ70 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ይንዱት። መሪው ከተንቀጠቀጠ መጀመሪያ የጎማ ሚዛኑን፣ ከዚያ የፊት አክስሉን የመዞሪያ ኩሽኔታዎች መካኒክ ይይላቸው፤ የጥገናውንም ሒሳብ ከዋጋው ያስቀንሱ።