ቨርጂኒያ ውስጥ በኮርስ የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ እንዴት ይወጣል?

ቨርጂኒያ ውስጥ ሞተር ለመንዳት የመኪና መንጃ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፤ «ኤም» የሚባለው ምድብ ሊጨመርበት ይገባል። መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ ዲኤምቪ (የግዛቱ መንጃ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት) ሄዶ የጽሑፍና የመንዳት ፈተና መውሰድ ነው። ሌላው ግዛቱ የሚቀበለውን የጀማሪ ኮርስ ጨርሶ ከሁለቱም ፈተና መገላገል። ኮርሱ ገንዘብ ይጠይቃል። ቢሆንም ሞተር ይዞ መውደቅ ካልቀረ በራስ ሞተር ከሚሆን በኮርሱ ሞተር ይሻላል።

ስትመዘገቡ ሞተር መግዛት አይጠበቅባችሁም። ትንንሽ ሞተሮች እዚያው አሉ። ብስክሌት ላይ ሚዛን መጠበቅ ግን ቀድሞ መቻል አለበት።

ልብስ ላይ አትቀልዱ። የዲኦቲ (የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) ምልክት ያለው ሄልሜት፣ የዓይን መከላከያ፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ፣ ጣት ሁሉ የሚሸፍን ጓንት፣ ወፍራም ሱሪና ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ ያስፈልጋል። በአጭር ስኒከር ከመጣችሁ ከበር ልትመለሱ ትችላላችሁ።

በብዙ ቦታ የሚሰጠው የሞተርሳይክል ሴፍቲ ፋውንዴሽን ኮርስ ወደ 5 ሰዓት ትምህርትና ወደ 10 ሰዓት የሜዳ ልምምድ አለው። ትምህርቱ ቀላል ነው። ጉዱ ያለው ሜዳው ላይ ነው።

መጀመሪያ የምትለማመዱት ፍሪሲዮን (ክላች) ነው። በግራ እጅ ቀስ ብላችሁ ስትለቁት ሞተሩ «ልሂድ» የሚልበት ነጥብ አለ። እዚያ ላይ ያዙት። እየደጋገመ ቢጠፋባችሁ አትፈሩ፣ የሁሉም ይጠፋል። ይህን ነጥብ እጃችሁ ካወቀው ግማሹ ሥራ አለቀ።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚፈራው ጠባብ ዙር ይመጣል። መስመሩን የሚያሳየውን የፕላስቲክ ኮን ካያችሁ ኮኑ ላይ ትወጣላችሁ። አገጫችሁን አዙራችሁ መድረሻችሁን እዩ፤ ሞተሩ ዓይናችሁን ይከተላል። መሪው ታጥፎ ሳለ የፊት ፍሬን ከያዛችሁ ግን መሬት ነው። በዝግታ ስትዞሩ የኋላውን ብቻ ለስለስ አድርጋችሁ ተጠቀሙ። ቀጥ ብላችሁ በድንገት ስትቆሙ ደግሞ ሁለቱንም ፍሬን ያዙ። አብዛኛው የማቆም ኃይል ከፊተኛው ነው፤ በአንዴ ሳይሆን እየጨመሩ መጭመቅ ነው።

አገር ቤት ሞተር የነዳችሁ፣ ተጠንቀቁ። ለዓመታት የለመደ እጅ ከጀማሪ እጅ ይልቅ ያስቸግራል። ሁለት ጣት ሁልጊዜ ፍሬን ላይ ማሳረፍ አንዱ ነው፤ አሰልጣኙ አራቱንም ጣት ነዳጅ መስጫው ላይ ጠቅልሉ ይላችኋል። ሳትከራከሩ ጠቅልሉ።

ኮርሱ መጨረሻ ላይ የራሱ ምርጫ ያለው የጽሑፍ ፈተናና የሜዳ ፈተና አለ። መስመር መንካት ነጥብ ያስቀንሳል እንጂ አይጥልም። ሞተሩን መጣል ግን ፈተናውን እዚያው ያስቆማል።

ካለፋችሁ የምስክር ወረቀቱን ይዛችሁ ዲኤምቪ ትሄዳላችሁ፣ ክፍያ ትከፍላላችሁ፣ «ኤም» ይጨመርላችኋል። ከሜዳው ሳትወጡ ግን ወረቀቱ ላይ ያለው ስም መንጃ ፈቃዳችሁ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል መግጠሙን እዩ። የአባትና የአያት ስም ቦታ ሲቀያየርብን ያው ታውቃላችሁ።