ፖስተሩ ያምራል፣ ትምህርቱስ?

ፖስተሩ ያምራል፤ «ይሄ ምን ማለት ነው?» ሲባል ግን ዝም

ለተማሪዎች የቡድን ፕሮጀክት ስንሰጥ ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመው ይሄ ነው። ሦስት ክፍለ ጊዜ በመቀስና በሙጫ ያልቃል። ጽሑፉ ከኢንተርኔት ተገልብጧል። ልጁ ሰንፎ አይደለም። የታዘዘው ፖስተር ነው፣ ፖስተር አመጣ።

ጥፋቱ ያለው ጥያቄው ላይ ነው። «ስለ ውሃ ፕሮጀክት ሥሩ» ርዕስ እንጂ ጥያቄ አይደለም። እስቲ እንዲህ አድርጉት፦ «የሚያንጠባጥበው ቧንቧ በቀን ስንት ሊትር ያባክናል? ማስጠገኑስ ያዋጣል?» አሁን የሚገለበጥ መልስ የለም፤ መለካት ግድ ነው። 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኩባያ በ10 ደቂቃ ከሞላ፣ በሰዓት 1.5 ሊትር፣ በቀን 36 ሊትር ይሆናል። ማባዛቱ፣ ሚሊ ሊትርን ወደ ሊትር መቀየሩ፣ «ሌሊትስ እኩል ይንጠባጠባል?» ብሎ መጠራጠሩ ሁሉ እዚያው ውስጥ ነው። ፖስተር ካስፈለገ በኋላ ይደረስበታል።

እኔ ፕሮጀክት ከመስጠቴ በፊት ራሴን እጠይቃለሁ፦ ትምህርቱ ጨርሶ ያልገባው ልጅ ይህን ሠርቶ ሙሉ ማርክ ሊያገኝ ይችላል? የሚችል ከሆነ እንደገና እነድፈዋለሁ። (ይህን መጠየቅ የጀመርኩት አንድ ወሰነ ትምህርት ሙሉ ካባከንኩ በኋላ ነው።)

አንዱ ይሠራል፣ አራቱ ስማቸውን ያጽፋሉ

ፈረንሳዊው የግብርና መሐንዲስ ማክሲሚሊያን ሪንግልማን ሰዎችን ገመድ አስጎትቶ ለክቶ ነበር። ውጤቱን በ1913 እ.ኤ.አ. አሳተመ፦ ጎታቾቹ በበዙ ቁጥር የእያንዳንዱ ጉልበት ይቀንሳል። አዋቂዎቹ እንዲህ ከሆኑ፣ ልጆችን «ተባበሩ» ብሎ መቆጣት ብዙም አይፈይድም።

ቡድኑን ወደ 3 ወይም 4 አውርዱት። ከዚያ የሥነ ልቦና ባለሙያው ኤሊየት አሮንሰን በ1971 እ.ኤ.አ. ቴክሳስ ውስጥ የጀመረውን ዘዴ ሞክሩ። ለእያንዳንዱ ልጅ የቡድን ጓደኞቹ የሌላቸው የትምህርቱ ቁራጭ ይሰጠዋል። ተመሳሳይ ቁራጭ የደረሳቸው ከየቡድኑ ተገናኝተው ያጠናሉ። ሲመለሱ ለጓደኞቻቸው ያስተምራሉ። አንዱ ከቀረ ሥራው አይገጥምም።

በማቅረቢያው ቀን ደግሞ ተናጋሪውን በዕጣ አውጡ። ዕጣ እንዳለ ካወቁ፣ ያልገባቸው ልጆች ጎበዙን ቀድመው ይጠይቁታል።

ሁሉም ነገር በመጨረሻዋ ሌሊት ይሠራል

የማስረከቢያው ቀን አንድ ብቻ ስለሆነ ነው። ጥያቄውን፣ የመጀመሪያውን ልኬት፣ ረቂቁን በተለያየ ቀን ለይታችሁ ተረከቡ። ረቂቁ ላይ አስተያየት ብቻ ጻፉ። ማርክ ካለበት ልጁ ማርኩን አይቶ ይዘጋዋል።

«ቲቸር፣ አሁን ምን እናድርግ?» ማለት አያቆምም

ነፃነቱ በዝቶባቸዋል። ግራፍ መሥራት የማያውቅን ልጅ «ራስህ ድረስበት» ማለት ጭካኔ ነው። ሥራውን አስቁሙና 10 ደቂቃ ግራፍ አስተምሩ። ከዚያ ይቀጥሉ። በፕሮጀክት ጊዜ ማስተማር ክልክል ነው ያለ የለም።

ሥራው የወላጅ እጅ አለበት

እንዲህ የሚሆነው ዋናውን ሥራ ወደ ቤት ስትልኩት ነው። ስሌቱም፣ ክርክሩም፣ ጽሑፉም ክፍል ውስጥ ይሠራ። ቤት የሚላከው ልኬቱ ብቻ ይሁን፤ እናት ኩባያውን ብትይዝ፣ አባት ሰዓቱን ቢቆጥር ምንም አይደለም።