ወደ ጮቄ ወይም ወደ ዓባይ በረሃ ውሃ ስትጭኑ

ማደሪያ ባለው መኪና ጮቄ ተራራ ላይም ሆነ ዓባይ በረሃ ውስጥ ለማደር የምታስቡ ሁሉ፣ እባካችሁ ተጨማሪ ውሃ ጣሪያ ላይ አትጫኑ። አንድ ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ይመዝናል፤ አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 100 ኪሎ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ክብደት ከላይ ሲሆን፣ ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ መኪናውን በየኩርባው ወደ ጎን ይጎትተዋል። ወለሉ ላይ፣ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል አስቀምጡና በገመድ ጥፍር አድርጋችሁ እሰሩት። ጀሪካኑም እስከ አፉ ይሞላ፤ ጎደሎ ውሃ መንገዱን ሙሉ ሲናጥ ይውላል።

እኔ ባለ 10 ሊትሩን እመርጣለሁ። አንዱ ቢያፈስ ሌላው ይተርፋል፣ ወገብም አይጎዳም። ናፍጣ ወይም ፀረ አረም የነበረበትን ጀሪካን ግን የቱንም ያህል ቢታጠብ ለመጠጥ እንዳትነኩት፤ ፕላስቲኩ መርዙን ይዞ ይቀራል።

ከምንጭ ከቀዳችሁ አፍልታችሁ ጠጡ። ደጋ ላይ ውሃ የሚፈላው በዝቅተኛ ሙቀት ስለሆነ፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ እሳት ላይ ይቆይ።