ወታደርና የኤች አይ ቪ ምርመራ፦ ቀን ባለመቁጠር የሚሠሩ ስህተቶች

ከዓመታት በፊት በአንድ ካምፕ ክሊኒክ በጤና ረዳትነት ስሠራ፣ ከፈቃድ ከተመለሰ ሦስት ሳምንት ያልሞላው አንድ አስር አለቃ ትኩሳት ይዞት መጣ። ጉሮሮው ቆስሏል፤ አንገቱ ሥር ንፍፊት አለው። ወባ አልተገኘበትም። ሸሚዙን ሲከፍት ደረቱ ላይ ቀያይ ሽፍታ አየሁ፤ «የደንብ ልብሱ ሙቀት ነው» ብዬ ማስታገሻ ሰጥቼ ሸኘሁት። በሳምንቱ ዳነ። ቫይረሱ በደሙ ውስጥ መኖሩ የታወቀው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሰውነቱ ከስቶ ነው። ከዚህ በታች ከማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ።

ትኩሳትን ሁሉ ለወባና ለቶንሲል መስጠት። ቫይረሱ በገባ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ብዙ ሰዎች ጉንፋን የመሰለ ሕመም ያማቸዋል። በራሱ ጊዜ ስለሚጠፋ ማንም ልብ አይለውም። ክፋቱ፣ ያ ሰሞን ቫይረሱ በደም ውስጥ እጅግ የሚበዛበትና ወደ ሌላ ሰው በቀላሉ የሚተላለፍበት ጊዜ መሆኑ ነው። ያን ቀን መጠየቅ የነበረብኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ፈቃድ ላይ ሳለ ያለ ኮንዶም ግንኙነት ፈጽሞ እንደሆነ። በዕድሜ ይበልጠኝ ስለነበር አፍሬ ጥያቄውን ዋጥኩት።

በማግሥቱ ተመርምሮ «ነጻ ነኝ» ማለት። ከሁሉም የሚብሰው ይህ ነው። ከጣት ጫፍ በሚወሰድ ደም የሚሠራው የተለመደው ፈጣን ምርመራ የሚፈልገው ቫይረሱን ሳይሆን ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ይህ በምርመራው እስኪታይ ከ23 እስከ 90 ቀን ሊወስድ ይችላል፤ የመስኮት ጊዜ የሚባለውም እሱ ነው። ከክንድ በተወሰደ ደም የቫይረሱን ፕሮቲንም ጭምር የሚፈልገው የላቦራቶሪ ምርመራ ከ18 እስከ 45፣ የቫይረሱን ዘረመል የሚፈልገው ደግሞ ከ10 እስከ 33 ቀን ባለው ጊዜ ያገኘዋል። ቅዳሜ ከተማ ወርዶ ሰኞ የሚመረመር ወታደር በእጁ የሚይዘው የቅዳሜን ውጤት አይደለም፤ ከሦስት ወር በፊት የነበረውን ነው። ስለዚህ መርማሪው ከውጤቱ በፊት ቀኑን ይጠይቅ።

72 ሰዓቱን በማመንታት መጨረስ። ኮንዶም ተቀዶ፣ መርፌ ወግቶ ወይም የቁስለኛ ጓድ ደም በተከፈተ ቁስል ላይ ፈስሶ ሊሆን ይችላል። በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ያውም በተቻለ ፍጥነት ተጀምሮ ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ። «እስቲ ሰንብቼ ውጤቴን ልወቅ» የሚል ሰው ዕድሉን ያሳልፋል። ግዳጅ ላይ ላለ ክፍል መንገዱ ራሱ አንድ ቀን ይበላል።

«ስመለመል ነጻ ነበርኩ» ብሎ መቀመጥ። የምልመላ ምርመራ የዚያን ጊዜ ነገር ነው። የአሜሪካ ጦር እንደ አውሮፓውያን ከ1985 ጀምሮ ወታደሮቹን ይመረምራል፤ በመደበኛ አገልግሎት ላይ ያለውን ደግሞ በየሁለት ዓመቱ ይደግመዋል። «የገጠር ልጅ ስለሆነ ደህና ነው» የሚለውም ግምት አያዋጣም፦ እንደ አውሮፓውያን በ1999 እና በ2000 ለኢትዮጵያ ጦር በተመለመሉ 72,000 ያህል ወንዶች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከከተማ ከመጡት 7.2 በመቶ፣ ከገጠር ከመጡት 3.8 በመቶ ቫይረሱ ተገኝቶባቸዋል።

ራስን በራስ የመመርመሪያ ኪት ሁለት መስመር ሲያሳይ ተስፋ መቁረጥም ስህተት ነው። ጤና ተቋም ሄዶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ከተረጋገጠ ደግሞ መድኃኒቱን ለመጀመር መታመምን መጠበቅ ቀርቷል።

የመጨረሻው የእኛ የባለሙያዎቹ ስህተት ነው። መዝገቡን ቆልፈን ምስጢር የጠበቅን ይመስለናል። ውጭ የተሰለፈው ጦር ግን ደቂቃ ይቆጥራል፦ ሌሎቹ ቶሎ ቶሎ ሲወጡ አንዱ ግማሽ ሰዓት ከቆየ ሻምበሉ በሙሉ ነገሩን ያውቀዋል። ነጻ የሆነውንም እኩል አቆዩት፤ የሚቀጥለውን ምርመራ ቀን አብራችሁት ቁጠሩና ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ይጻፍ።