በሰፊ ሞኒተር ላይ ጌም ሳይለጠጥ እንዲታይ እንዴት ማድረግ ይቻላል?

አንድ የቆየ የእግር ኳስ ጌም በአዲሱ ሞኒተሬ ላይ ስከፍት ተጫዋቾቹ በሙሉ ወፍረው ጠበቁኝ። አጥቂው ትከሻው ሰፍቷል፣ በረኛው ድንክ ሆኗል፣ ኳሷም የተጋደመ እንቁላል መስላለች። «የድሮ ግራፊክስ እንዲህ ነበር» ብዬ ለሁለት ሳምንት ተጫወትኩ። ጥፋቱ ግን የጌሙ አልነበረም። ለ4:3 ስክሪን (ስፋቱ 4 ሲሆን ቁመቱ 3 ለሆነ) የተሠራውን ምስል ሞኒተሩ ወደ 16:9 ለጥጦት ነው።

ሂሳቡ አጭር ነው፤ ሪዞሉሽን የሚባለው የምስሉ ስፋትና ቁመት በፒክሰል (በነጥብ) ሲቆጠር ነው። 640×480፣ 800×600 እና 1024×768 ሁሉም 4:3 ናቸው። 1920×1080 ደግሞ 16:9 ነው። የ4:3 ምስል ይህን ስክሪን እንዲሞላ ከተደረገ ወደ ጎን በአንድ ሦስተኛ ይሰፋል፤ ቁመቱ 300 ፒክሰል የሆነ ክብ ስፋቱ 400 ይሆናል። ሳይዛባ ሊያርፍ የሚችለው 1440×1080 ላይ ነው፤ በግራም በቀኝም 240 ፒክሰል ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ብዙ ሰው ያንን ጥቁር ሲያይ ስክሪኑ የባከነበት ይመስለዋል። ለእኔ ግን ከወፈረ ተጫዋች ጥቁር ጠርዝ ይሻላል።

1. መጀመሪያ ለኩ

በዓይን መገመት ያታልላል፤ ዓይን የተለጠጠን ምስል ቶሎ ይለምዳል። ጌሙ ውስጥ ክብ ነገር ፈልጉ፤ የመኪና ጎማ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ የበርሜል አፍ ሊሆን ይችላል። ፊት ለፊት ቆማችሁ ስክሪኑ መሃል ላይ አድርጉትና ስፋቱንና ቁመቱን በማስመሪያ ለኩ። መሃል ላይ ይሁን ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በ3ዲ ጌም ዳር ላይ ያለ ነገር ሁሉ በባሕርይው ትንሽ ይለጠጣል። የጤና መቁጠሪያውን ወይም ጥግ ላይ ያለውን ራዳርም አትለኩ። በብዙ የድሮ ጌሞች የጌሙ ዓለም ልክ ሆኖ እነዚህ ምልክቶች ብቻ ይለጠጣሉ።

2. የዴስክቶፑን ሪዞሉሽን አስተካክሉ

ዊንዶውስ ላይ የዲስፕሌይ ሴቲንግ ከፍታችሁ «ሪኮመንድድ» የሚለውን ምረጡ። ዴስክቶፑ ራሱ ከተዛባ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ከንቱ ልፋት ነው።

3. ጌሙ ሰፊ ስክሪን ያውቅ እንደሆነ እዩ

በጌሙ የቪዲዮ ሴቲንግ ውስጥ የሞኒተራችሁ ሪዞሉሽን ካለ እሱን ምረጡና እንደገና ለኩ። ከሌለ ያለውን ትልቁን 4:3 ውሰዱ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ 1280×1024 የ4:3 ዘመድ ይመስላል እንጂ 5:4 ነው። 1280×960 በዝርዝሩ ውስጥ ካለ የሚሻለው እሱ ነው።

4. ግራፊክስ ካርዱ እንዳይለጥጥ እዘዙት

አብዛኛው ችግር የሚያልቀው እዚህ ነው። ኤንቪዲያ ያላችሁ የኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነልን ክፈቱ፤ በዲስፕሌይ ስር የዴስክቶፕ መጠንና ቦታ ወደሚስተካከልበት ገጽ ግቡ። ከስኬሊንግ (ምስሉን በስክሪኑ ልክ የማድረግ) ምርጫዎቹ «አስፔክት ሬሽዮ» (የስፋትና የቁመት ምጥጥን) የሚለውን ያዙ፣ ሥራውን የሚሠራው ጂፒዩ (የግራፊክስ ቺፑ) እንዲሆን ምረጡ፣ ጌሞች ያስቀመጡትን የስኬሊንግ ምርጫ የሚሽረውን ሳጥንም ምልክት አድርጉበት። ኤኤምዲ ላይ በሶፍትዌሩ የዲስፕሌይ ገጽ «ጂፒዩ ስኬሊንግ»ን አብሩና ከስኬሊንግ ሞዱ «ፕሪዘርቭ አስፔክት ሬሽዮ»ን ምረጡ። በኢንቴልም በዲስፕሌይ ገጹ ተመሳሳይ ምርጫ አለ።

ላፕቶፕ ላይ የኤንቪዲያ ፓነል ይህን ገጽ ካላሳያችሁ አትደናገጡ። ሁለት ጂፒዩ ባላቸው ብዙ ላፕቶፖች ስክሪኑ የተያያዘው ከኢንቴሉ ጋር ስለሆነ ምርጫው ያለው እዚያ ነው። ጌሙም በፉል ስክሪን መከፈት አለበት። በቦርደርለስ ዊንዶው (ስክሪኑን በሚሞላ ጠርዝ አልባ መስኮት) ከተከፈተ የዴስክቶፑን ሪዞሉሽን ስለሚጠቀም ያስተካከላችሁት ነገር አይነካውም።

5. በ3ዲ ጌም የእይታ ማዕዘኑን አስፉ

አንዳንድ ጌም 1920×1080ን ይቀበላል፤ ክቡም ክብ ነው፤ ግን የሆነ ነገር ይጎድላል። ጌሙ ጎኑን ከማስፋት ይልቅ ከላይና ከታች ቆርጦ ነው ሰፊ የሆነው። ለማረጋገጥ አንድ በር ፊት ቁሙ፣ በ4:3 ፎቶ አንሱ፣ ከዚያ በ16:9። በመጀመሪያው ላይ የታየው የበሩ ጉበን በሁለተኛው ከጠፋ ተቆርጧል ማለት ነው።

መፍትሔው ኤፍኦቪ የሚባለውን የእይታ ማዕዘን መጨመር ነው። ለ4:3 90 ዲግሪ የነበረው ለ16:9 106፣ ለ16:10 ደግሞ 100 ገደማ ይሆናል። በ1999 የወጣው የተኩስ ጌም ክዌክ 3 አሬና ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ማዕዘኑን በጌሙ የትእዛዝ መጻፊያ (ኮንሶል) ወደ 106 ስትቀይሩት የተቆረጠው ይመለሳል። ከመሃል ወጣ ያለው ዳር ተለጥጦ ካስጠላችሁ ትንሽ ቀንሱ፤ እዚህ ላይ ፍርዱ የዓይናችሁ ነው።

6. የዶስ ዘመን ጌሞች

ከዊንዶውስ በፊት በነበረው በዶስ የሚሠሩት እነዚህ ጌሞች ለብቻቸው ናቸው። ብዙዎቹ 320×200 ናቸው፤ ቁጥሩን ብቻ ካያችሁ 16:10 ይመስላሉ። ነገር ግን በዘመኑ የነበረው ሞኒተር 4:3 ስለነበር እያንዳንዱ ፒክሰል ከስፋቱ 1.2 እጥፍ ቁመት ነበረው፤ ሠዓሊዎቹም የሣሉት ያንን እያዩ ነው። ስለዚህ ግራፊክስ ካርዱ «ምጥጥኑን ጠብቄያለሁ» ብሎ በ1080 ቁመት ላይ 1728 ስፋት ይሰጣችኋል፤ ትክክሉ ግን 1440 ነው። የዶስ ጌሞችን በዛሬ ኮምፒውተር በሚያስኬደው በዶስቦክስ የማስተካከያ ፋይል ውስጥ «ሬንደር» በሚለው ክፍል ስር «አስፔክት» የሚለውን ፈልጉና «ፎልስ» ካለ «ትሩ» አድርጉት፤ ፋይሉ ውስጥ የሚጻፈው በእርግጥ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። የምስል ማውጫ ዘዴውን («አውትፑት») ወደ ኦፕን ጂኤል፣ የፉል ስክሪን ሪዞሉሽኑን ወደ ዴስክቶፕ ቀይሩ።

7. ሁሉም ካልሠራ የሞኒተሩን ቁልፎች ንኩ

በሞኒተሩ ሜኑ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ «ፉል»፣ «አስፔክት» ወይም «1:1» የሚሉ ምርጫዎች አሉ። «አስፔክት» ይሁን። የቆየ የጌም መጫወቻ ማሽን (ኮንሶል) የሰካችሁ ከሆነ እንደ ኮምፒውተሩ የግራፊክስ ሶፍትዌር (ድራይቨር) ስለሌለው መጀመሪያ የምትሞክሩት ይህንኑ ነው። ሜኑው ደብዝዞ አልመረጥ ካላችሁ ጂፒዩው ምስሉን በሞኒተሩ ልክ አዘጋጅቶ እየላከ ሊሆን ይችላል፤ ወደ 4ኛው ተመልሳችሁ ሥራውን ከጂፒዩ ወደ ዲስፕሌይ አዙሩትና ጌሙን እንደገና ክፈቱ።