በነፋስና በበረዶ ዝናብ መብራት ሲጠፋ ቤትን እንዴት መጠበቅ ይቻላል

በውቅያኖስ ዳር አገሮች ከተማ የሚያፈርሰው ዓይነት አውሎ ነፋስ ሰሜን ሸዋ ድረስ አይመጣም። የእኛ መከራ ሌላ ነው። ክረምት ሲገባ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁርና ነፋስ፣ በረዶና መብረቅ ተከታትለው ይወርዳሉ። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ሽቦ ላይ ያርፋል፤ ግርጌው የበሰበሰ የእንጨት ምሰሶ ያጋድላል፤ ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ መብራት ድርግም ይላል። አንዳንዴ በሰዓታት ይመለሳል፣ አንዳንዴ ቀናት ይፈጃል።

ጨለማ ያሰለቻል እንጂ ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳው የወደቀ ሽቦ፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ ያለ ከሰልና ተመልሶ የሚመጣው መብራት ነው። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ስለማያስበው እሱ ላይ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ፦ ከመውጣትዎ በፊት ውጭውን ይመልከቱ

ዝናቡ እንዳባራ ልጆች ወደ ደጅ፣ እረኛውም ወደ ከብቶቹ ይሮጣል። ከዚያ በፊት አንድ ትልቅ ሰው በአጥሩና በመንገዱ ላይ የተንጠለጠለ ወይም የወደቀ ሽቦ መኖሩን ይይ። «መብራት ስለጠፋ ሽቦው ኃይል የለውም» የሚለው ግምት ሰው ይገድላል። የእርስዎ ቤት ጨልሞም ያ ሽቦ ኃይል ሊኖረው ይችላል፤ ባይኖረውም ከማከፋፈያው በማንኛውም ደቂቃ ሊለቀቅበት ይችላል። ቢያንስ 10 ሜትር ይራቁ። የሽቦና የቆርቆሮ አጥር ከነካው ደግሞ አጥሩንም እንደ ሽቦው ይቁጠሩት።

እርጥብ መሬት ኃይሉን ያሰራጫል። ከሽቦው በራቁ ቁጥር ኃይሉ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ሁለት እግሮች ተራርቀው ሲረግጡ በመሃላቸው ያለው የኃይል ልዩነት ኤሌክትሪክ በሰውነት ውስጥ እንዲያልፍ ያደርጋል። የከብት የፊትና የኋላ እግር በጣም ስለሚራራቅ ሰው ሳይነካው በሬው የሚወድቀው ለዚህ ነው። የወደቀውን ከብት ለማንሳት በፍጹም አይሂዱ። ሳያውቁ ከተጠጉ እግርዎን ገጥመው መሬቱን እየታከኩ በትንሽ በትንሹ ይራቁ፤ አይሩጡ። ቅርንጫፉንም በመጥረቢያ ለማንሳት አይሞክሩ። 905 ይደውሉና ቀበሌውን፣ በአቅራቢያ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ወይም ትምህርት ቤት ይንገሩ። በምሰሶው ወይም በትራንስፎርመሩ ላይ ቁጥር ከርቀት ከታየ እሱንም ይጨምሩ፤ ሠራተኞቹ ቶሎ ያገኙታል።

ቀጥሎ፦ ብሬከሩን ያውርዱ

ዋናውን ብሬከር ያጥፉ፣ ፍሪጁን፣ ቴሌቪዥኑንና ምጣዱን ከሶኬት ይንቀሉ። በተለይ ምጣዱን። እንጀራ እየተጋገረ መብራት ሲጠፋ ምጣዱ እንደተሰካ ይረሳል፤ ሌሊት ሁሉም ተኝቶ መብራት ሲመጣ ባዶው ምጣድ ይግላል። አጠገቡ ሰፌድ ወይም ጨርቅ ካለ እሳት ነው።

ለብርሃን ከሻማና ከኩራዝ ይልቅ ትንሽ የሶላር መብራት እመርጣለሁ፤ በተለይ የሣር ክዳን ቤት ውስጥ። በደመናማ ቀንም ቢሆን ደጅ ከዋለ የተወሰነ ይሞላል። ስልክዎን እንደ ባትሪ መብራት አያንድዱት፤ ለመደወያ ያቆዩት። ቧንቧ ውኃም በፓምፕ የሚገፋ ከሆነ መቆሙ ስለማይቀር ጀሪካኖቹን ቀድመው ይሙሉ።

ብርድና ከሰል

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ መንዝና ጣርማ በርም ብርዳቸው የታወቀ ነው። መብራት በሌለበት ሌሊት ከሰል አንድዶ በር ዘግቶ መተኛት ያጓጓል። «ከሰሉ ከቀላ፣ ጭሱም ካለቀ አይጎዳም» የሚባለው ውሸት ነው። ከቀላ ከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ያመጣል፣ ከዚያ እንቅልፍ የመሰለ ድካም፤ ሰውየው ራሱን ማዳን የሚያቅተውም እዚህ ላይ ነው። አመድ የለበሰ ፍምም ጋዙን ማውጣቱን አያቆምም። በርና መስኮት ከፈት አድርገው ይሙቁ፣ ሳይተኙ ምድጃውን ደጅ ያውጡት፣ ከዚያ ጋቢና ብርድ ልብስ ይደራርቡ። ራሱን የሚያመው ሰው ካለ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር አውጥተው ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

ጀነሬተርም ያው ጋዝ ስላለው ደጅ፣ ከመስኮት ርቆ ይቀመጥ። ደግሞም የጀነሬተርን ገመድ በቤት ሶኬት ሰክቶ መላውን ቤት ማብራት ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። ብሬከሩ ካልወረደ ኃይሉ ወደ መስመሩ ይወጣና በትራንስፎርመሩ ተገልብጦ እስከ 15,000 ቮልት ይደርሳል። ምሰሶ ላይ ወጥቶ የሚጠግንልዎትን ሰው ይገድለዋል።

ሊጡና ፍሪጁ

ሊጥ ተቦክቶ መብራት ከዘገየ ላዩ ላይ ያቀረረውን ውኃ ደፍተው በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ይተኩት፤ መኮምጠጡን ያዘገየዋል። ከዚያ በላይ ከቆየ በኩበትና በጭራሮ መጋገር ነው። የኤሌክትሪክ ምጣዱን ግን እሳት ላይ አይጣዱት። ፍሪጁን ካልከፈቱት ለ4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ደጋ ላይ የሌሊቱ ብርድ ያግዛል፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ግን ሥጋውን በጊዜ ቋንጣ ቢያደርጉት ይሻላል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ካለ መድኃኒቱን በውኃ በረጠበ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ፣ ውኃ በማያስገባ ዕቃ ጠቅልለው ጥላ ቦታ ያስቀምጡ። የተከፈተ ብልቃጥ ሙቀቱ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ካላለፈ በአብዛኛው 4 ሳምንት ያህል ይቆያል፤ የራስዎን ከካርቶኑ ላይ ያንብቡ። በረዶ የነካው ኢንሱሊን ግን አይወሰድም።

መብራት ሲመጣ

እኛ ሰፈር አንድ ክረምት ምሽት ላይ መብራት ሲመለስ አምፖሎቹ ከወትሮው በላይ ቦግ አሉ። ልጆቹ በእልልታ ጮኹ። ብዙም ሳይቆይ ከጎረቤት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ፤ ፍሪጅና ቴሌቪዥን የተቃጠለበት ከአንድ በላይ ቤት ነበር። በዚያው ሰዓት ከመንገዱ ማዶ ያሉት «መብራቱ ፈዘዘብን» ይሉ ነበር። የእነሱ መፍዘዝና የእኛ መድመቅ አንድ በሽታ መሆኑን ያስረዳኝ በኋላ የመጣው ኤሌክትሪሺያን ነው።

ከትራንስፎርመሩ ሦስት ፌዝ፣ ማለትም ኃይል ያለባቸው ሽቦዎች፣ እና አንድ ኒውትራል፣ ማለትም የጋራ መመለሻ ሽቦ፣ ይወጣል። አንድ ቤት የሚደርሰው በአንድ ፌዝና በኒውትራሉ መካከል ያለው 220 ቮልት ሲሆን፣ በሁለት ፌዝ መካከል ግን 380 ቮልት አለ። ነፋስ ኒውትራሉን ከበጠሰው ወይም ካላላው በተለያየ ፌዝ ላይ ያሉ ቤቶች እርስ በርስ ይያያዛሉ። ብዙ ዕቃ የከፈተው ቤት ቮልቴጁ ይወርድበታል፣ ጥቂት የከፈተው ወደ 380 ይጠጋበታል። ብሬከሩ ደግሞ አይወርድም፤ እሱ የሚጠብቀው ከመጠን በላይ ጭነትንና ሾርትን ነው፣ የቮልቴጅ መጨመርን አያይም።

ስለዚህ መብራት መምጣቱን በጎረቤት ሲያዩ ሁሉም ዕቃ ከሶኬት እንደተነቀለ ብሬከሩን ያንሱና አንድ አምፖል ብቻ ያብሩ። ይህ አምፖል ክር ያለው የድሮው ዓይነት ይሁን። ኤልኢዲ ለዚህ አይሆንም፤ ብዙዎቹ ቮልቴጁ ቢዛባም ብርሃናቸውን እኩል ስለሚያደርጉ ችግሩን ይደብቁታል። እኔ ለዚህ ብቻ አንድ የድሮ አምፖል ማስቀመጥ ከማንኛውም ውድ ዕቃ እንደሚበልጥ አምናለሁ። 10 ደቂቃ ይመልከቱት። ከወትሮው ነጥቶ ከደመቀ፣ ወይም ጎረቤት አንድ ነገር በከፈተና በዘጋ ቁጥር ደመቅ ፈዘዝ ካለ ብሬከሩን መልሰው ያውርዱና 905 ይደውሉ። ለጎረቤቶችዎም ይንገሩ፤ ያው መስመር ነው።

አምፖሉ ከተረጋጋ ቴሌቪዥኑን ይሰኩ፣ ፍሪጁን ቆየት ብለው። መብራቱ ብልጭ ብሎ ከጠፋና ከተመለሰ ፍሪጁን ለ5 ደቂቃ ያህል ያሳርፉት፤ ውስጡ ያለው ግፊት ሳይወርድ ሞተሩ ለመነሳት ሲታገል ይግላል። ምጣዱ የመጨረሻው ነው። መብራት በመጣበት ሰዓት ሰፈሩ በሙሉ እንጀራ ስለሚጋግር ቮልቴጁ ይወርዳል፣ የወረደ ቮልቴጅም የፍሪጅ ሞተር ያቃጥላል።

ስለ ስታብላይዘር፣ ማለትም ቮልቴጅ ስለሚያስተካክለው ዕቃ፣ ብዙ ሰው ይጠይቃል። ለተራ መዋዠቅ ጥሩ ነው፤ ኒውትራል ሲበጠስ ግን ራሱ ቀድሞ ሊቃጠል ይችላል። ቮልቴጁ ሲበዛም ሲያንስም ቆርጦ፣ ሲረጋጋ ጠብቆ የሚመልሰውን መከላከያ እመርጣለሁ፤ ፍሪጅ ላለው ቤት ወጪው ይገባዋል። ቀይ መብራት ያላት ተራ ዲቫይደር ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አትከላከልም።

ሰፈሩ በርቶ የእርስዎ ብቻ ከጨለመ ብሬከሩንና የካርድ ቆጣሪውን ሂሳብ ይዩ፤ የቆጣሪውን ማሸጊያ አይንኩ። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ከምሰሶው ወደ ቤትዎ የሚገባውን ሽቦ ከታች ሆነው ይመልከቱ። ነፋሱ አርግቦት የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ካረፈ ልባሱ እየተፋቀ ጣሪያው ኃይል ይይዛል። የቆርቆሮ በር ሲነኩ እጅዎን ነዘር ካደረገዎት መልሰው አይንኩት፤ ቤተሰቡን በሙሉ ከቆርቆሮው ያርቁና ባለሙያ እስኪመጣ ማንንም አያስጠጉ።