ድሬ ዳዋ ላይ ከሰፈር የአካባቢ ጥበቃ ማህበር ጋር በነፃ መስራት ለምትፈልጉ፡ ከየት እንደሚጀመር

ሰሞኑን ሰው ደጋግሞ እየጠየቀኝ ነው፣ እኔም ገብቼ መስራት እፈልጋለሁ ግን ማን ጋ ነው የሚኬደው፣ ምን ይዤ ልምጣ፣ ስንት ሰአት ነው ምናምን፣ እና ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንዴ ቁጭ ብዬ ልፃፈው ብዬ ነው። ከሰፈራችን ማህበር ጋር ስሰራ ዘንድሮ ስድስተኛ አመቴ ነው፣ ብዙ ችግኝ ሲደርቅም ሲፀድቅም አይቻለሁ፣ የማውቀው ከዛ የመጣ ነው።

ድሬ ላይ ይሄ ነገር የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ አይደለም። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ለሊት ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ነው የወሰደው። እኔ ልጅ ነበርኩ፣ ሲነጋ እናቴ እጄን ይዛ ስታወጣኝ መንገዱ ላይ የነበረው ጭቃና የተገለበጠ ቁምሳጥን እስካሁን አይኔ ላይ አለ። ውሃው እኮ ከላይ ከደጋው ነው የሚመጣው፣ በነደንገጎ በኩል የዘነበው ዝናብ የሚይዘው ዛፍም እርከንም ሲያጣ እየተንደረደረ እኛ ጋ ይደርሳል፣ እኛ ደግሞ ቦዩን በፌስታል ደፍነን እንጠብቀዋለን። ስለዚህ አንድ ጎድጓዳ ስትጠርጉ ወይ አንድ ዛፍ ስታሳድጉ ለማን ብላችሁ እንደሆነ እወቁት።

ማህበር ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። መጀመሪያ ቀበሌያችሁ ሂዱና በሰፈሩ የሚንቀሳቀስ የአካባቢ ጥበቃ ወይ የፅዳት ማህበር አለ ወይ በሉ፣ ክረምት ላይ የበጎ ፈቃድ ምዝገባም በቀበሌ በኩል ነው ብዙ ጊዜ የሚያልፈው። ተማሪ ከሆናችሁ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ክበብ አለ፣ ዩኒቨርሲቲም እንደዛው። ሌላው ሰው የማያስበው እድር ነው፣ የእናንተ ሰፈር ምንም ማህበር ከሌለ እድሩ ላይ ተነስታችሁ ብትናገሩ አካፋውም ድንኳኑም ሰውም እዛ አለ።

ከመመዝገባችሁ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፣ አምና የተከላችሁት የት ነው፣ ወስዳችሁ አሳዩኝ። በቃ ይቺን ብቻ። ወስዶ የሚያሳያችሁ ማህበር ካገኛችሁ ግቡ። እኔ በመጀመሪያው አመት ይሄን ስላልጠየቅኩ ከአንድ መስሪያ ቤት ጋር ሆነን ባነር ተሰቅሎ ቲሸርት ታድሎ አንድ ጠዋት ሙሉ ስንተክል ዋልን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ሄድን። ህዳር ላይ በዛ በኩል ሳልፍ ከዛ ሁሉ ችግኝ አንድ አረንጓዴ ነገር አልነበረም፣ እንጨቱ ብቻ እንደ ክብሪት ቆሞ። አለቀስኩ ብላችሁ አታምኑም። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ከተጀመረ ወዲህ የሚተክል ሰው አላጣንም፣ ያጣነው ጥር ላይ ጀሪካን ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ነው፣ እና እናንተ ያ ሰው ለመሆን ግቡ።

ሰአቱ ጠዋት ነው። 12 ሰአት ላይ እንገናኛለን፣ 3 ሰአት ተኩል ሳይሞላ እንጨርሳለን፣ የድሬን ፀሀይ ታውቁታላችሁ ከዛ በኋላ መስራት ራስን መጉዳት ነው። ከሰአት ቀጠሮ የሚይዝ ማህበር አይሰራለትም፣ ከሰባት ሰአት በኋላ በርጫ (የጫት ሰአት) ነው ሰው አታገኙም። ቀድማችሁ ፈጢራችሁን በሻይ ብሉ፣ ባዶ ሆድ መጥቶ የወደቀ ልጅ አይቻለሁ።

ልብስ፣ እጅጌ ረጅም ሸሚዝ፣ ኮፍያ ወይ ሻሽ፣ የተሸፈነ ጫማ። በነጠላ ጫማ አትምጡ አደራ። ጓንት ወፍራሙን የግንበኛውን ግዙ፣ ስሱ የሃኪም ጓንት ምንም አያደርግም፣ ጎድጓዳ ውስጥ የተሰበረ ጠርሙስም መርፌም አለ። ድንጋይ ስታነሱ እጃችሁን ከስር አታስገቡ፣ ጊንጥ አለ፣ በአካፋ ወይ በእንጨት መጀመሪያ ገልብጡት። የቴታነስ ክትባት ካልተከተባችሁ ጤና ጣቢያ ጠይቁ። የራሳችሁን ውሃ ሁለት ሊትር ያዙ፣ ይሄው ነው።

አሁን ወደ ደቻቱ። የወንዙ አሸዋ ላይ ስንሰራ አንድ ህግ አለን የማይታለፍ፣ በደንገጎ በኩል ሰማዩ ከጠቆረ እዚህ ፀሀይ ቢሆንም እንወጣለን። ድሬ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል፣ አመጣጡም ቀስ እያለ አይደለም፣ ድምፁን ስትሰሙ ረፍዷል። አስተባባሪው ውጡ ካለ ጆንያውን ጥላችሁ ውጡ፣ ጆንያ ይተካል። ልጆች ይዛችሁ አትምጡ ለዚህ ስራ፣ ለነሱ ሌላ አለ።

የምንለቅመው በብዛት የጫት ፌስታል ነው። ሃይላንዱን ለብቻ በጆንያ እንለየዋለን፣ ቆራሌው ይገዛናል፣ ከዛ የምትገኘው ብር ለአካፋ እጀታና ለጀሪካን ትሆናለች። ፌስታሉን ግን ማንም አይገዛውም። ፌስታል ምን እንደሚያደርግ የገባኝ አንድ ጎረቤታችን ፍየል ሲያርድ ነው፣ ከስታ ከስታ ነበር ያረዳት፣ ሆዷ ሲከፈት እንደ ኳስ የተጠቀለለ ፌስታል ወጣ፣ አንዱ ላይ የጫቱ ማሰሪያ እንኳ አልተፈታም። ፍየሎቻችን መንገድ ላይ ገረባ (ተቅሞ የተረፈ ጫት) ነው የሚበሉት፣ ገረባው ከነፌስታሉ ሲጣል ከነፌስታሉ ይበሉታል። ከዛን ቀን ጀምሮ ጫት ሻጮቹ ጋ ሄደን ማውራት ጀመርን፣ ስብከት አይደለም፣ እናቶቹ ጋ ቁጭ ብለን ገረባውን ለብቻ ፌስታሉን ለብቻ የሚያደርጉበት ሁለት ጆንያ ሰጠናቸው፣ ጠዋት ጠዋት እኛው እናነሳለን። ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅም በ2017 ፀድቋል፣ ግን አዋጁ ብቻውን ጎድጓዳውን አያፀዳውም፣ ቀድሞ የተጣለው እዛው ነው ያለው።

ፅዳት ስትሰሩ ደግሞ አይናችሁ ውሃ የቋጠረ ነገር ላይ ይሁን፣ የድሮ ጎማ፣ የተቀደደ ባልዲ፣ የቀለም ቆርቆሮ። በ2006 ዴንጊ ከተማውን ያመሰው፣ በ2011 ክረምት ደግሞ ቺኩንጉኒያ ሰፈር ሙሉ መገጣጠሚያ ይዞ ያስተኛው ትዝ ይላችኋል፣ ትንኟ የምትፈለፈለው እንደዚህ አይነት እቃ ውስጥ ነው። 2014 ላይ የተነሳው ወባም ስቴፈንሳይ ከሚባለው ትንኝ ጋር የተያያዘ ነው፣ እሱ ደግሞ ረግረግ አይፈልግም፣ በየቤታችን ውሃ የምናጠራቅምበት በርሜል ይበቃዋል። ጎማውን ገልብጡ፣ ብሱት፣ አንሱት፣ በርሜል ያለው ቤት ካለ ክዳን እንዲያደርግ ንገሩ። ልጆች የሚችሉት ስራ ይሄ ነው፣ ከትልቅ ሰው ጋር ሆነው ቆርቆሮ ገልብጡ ስትሏቸው ደስ ይላቸዋል።

ችግኝ ላይ ነው ብዙ ማለት የምፈልገው። ድሬ ሁለት ዝናብ አላት፣ መጋቢት ሚያዝያ ትንሽ፣ ሐምሌ ነሐሴ ዋናው። ጉድጓዱ የሚቆፈረው ከዝናቡ በፊት ነው፣ በተከላው ቀን አይደለም። ቢያንስ ክንድ የሚያህል ወደታች፣ ክንድ የሚያህል በጎን፣ መሬቱ ድንጋያማ ስለሆነ ሰው ይደክመውና ስኒ የምታክል ጉድጓድ ቆፍሮ ይሄዳል፣ ስሩ የት ይሂድ እንግዲህ። የላዩን አፈር ለብቻ የታቹን ለብቻ አስቀምጡ፣ ስትመልሱ የላዩ ነው ወደ ስሩ የሚገባው።

ከዛ ፕላስቲኩ። የችግኙን ፕላስቲክ አውልቁ! እኔ በመጀመሪያው ቀን ማንም ስላልነገረኝ አርባ ችግኝ ከነፕላስቲኩ ቀብሬያለሁ፣ ስሩ እዛው ውስጥ ዞሮ ዞሮ ታፍኖ ነው የሞተው፣ በኋላ ቆፍረን ስናወጣ ስሩ እንደ ስፖንጅ ተጠቅልሎ ነበር። ፕላስቲኩን በምላጭ በጎን ቅደዱ፣ አፈሩ እንዳይፈርስ በሁለት እጅ ደግፋችሁ አስገቡ፣ ከታች የተጠማዘዘ ስር ካለ ቁረጡት፣ አፈር መልሱ፣ በእግር ቀስ ብላችሁ ጠቅጠቅ። ፕላስቲኩን ደግሞ መሬት ላይ አትጣሉት፣ ኪሳችሁ ይግባ። ቁልቁለት ከሆነ ከችግኙ በታች በኩል አፈሩን በግማሽ ጨረቃ ክበቡት፣ የሚወርደው ውሃ እዛ ቆሞ ይሰርጋል፣ ችግኙም ይጠጣል ጎርፉም ይቀንሳል። ድንጋይ ካለ ክትር (ውሃውን የሚያግት የድንጋይ ካብ) ስሩ፣ ክትር ስትሰሩ ከላይ ጀምራችሁ ወደታች ውረዱ፣ ከታች የጀመረ ሰው የመጀመሪያው ጎርፍ ያፈርስበታል።

ምን ይተከል ለሚለው፣ ኒም ሙቀቱን ይችላል መራራ ስለሆነ ፍየልም ብዙ አትደፍረውም፣ ግራር የአገሩ ነው፣ ሞሪንጋ ቶሎ ያድጋል። ግቢ ውስጥና ቤት አጠገብ ከሆነ ግን ጊሽጣና ዘይቱን ትከሉ ነው የምለው፣ የሚበላ ፍሬ ያለው ዛፍ ባለቤት ያገኛል፣ ልጆቹ ራሳቸው ይጠብቁታል። ፕሮሶፒስ በምንም አይነት አትትከሉ፣ ጥላው ቢያምርም አንዴ ከያዘ የግጦሽ መሬቱን ሁሉ ይውጠዋል።

የፍየል ነገር። ሁለተኛው አመት ላይ የተከልነውን ፍየል ጨረሰችብን፣ እኛም እረኞቹ ልጆች ላይ ጮህን፣ በኋላ የፍየሎቹን ባለቤት አዴን ሄጄ አዴ ፍየሎችሽ እኮ ጨረሱን ስላት ምን አለችኝ፣ «ስትተክሉ ማን ነገረኝ? ነግራችሁኝ ቢሆን እሾሁን እኔው አምጥቼ አጥርላችሁ ነበር።» እውነቷን ነው። አሁን ከመትከላችን ከሳምንት በፊት በዙሪያው ያለ ቤት ሁሉ እናንኳኳለን፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ የሚችል ሰው ሁሌ አብሮን አለ፣ በአማርኛ ብቻ ሄዳችሁ ሰላምታ ሰጥታችሁ ብትመለሱ ነገሩ ግማሽ ነው። አዴ ዛሬ ያንን ቦታ ሙሉ እሷ ነች የምትጠብቀው፣ አንድ ቅርንጫፍ ብትሰብሩ ትጮህባችኋለች።

ከዛ ማጠጣት። ዝናቡ መስከረም ላይ ሲያበቃ ነው የኛ ስራ የሚጀመረው፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያለው ነው የሚገድለው፣ ከዛ ደግሞ ግንቦትና ሰኔ ሙቀቱ አለ። እኛ ለእያንዳንዱ ሰው አስር ችግኝ እንሰጣለን፣ ዛፉ ላይ ቀለም ቀብተን ቁጥር ፅፈን፣ ያንተ ነው ያንቺ ነው ተብሎ። ሰላሳ ቢሰጣችሁ እምቢ በሉ፣ አስር ይበቃል፣ ሰላሳ የወሰደ ሰው በሁለተኛው ወር ይጠፋል። በሳምንት ሁለቴ፣ ጠዋት ወይ ፀሀይ ከገባች በኋላ፣ ለአንዱ ሁለት ሊትር እንሰጣለን። ውሃው እንዳይባክን ሃይላንዱን ክዳኑ ላይ በመርፌ ብሱት፣ ቂጡን ቁረጡት፣ ገልብጣችሁ ከስሩ አጠገብ ግማሹን ቅበሩት፣ ከላይ ስትሞሉት ቀስ እያለ ስሩ ጋ ይንጠባጠባል። ክዳኑን ላላ ጠበቅ እያደረጋችሁ ፍጥነቱን ታስተካክላላችሁ። አሸዋ ከገባበት ይደፈናል፣ በየሁለት ሳምንቱ አውጥታችሁ እጠቡት። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ከሆነ ልብስ ያለቀለቃችሁበትን የመጨረሻውን ውሃ ተጠቀሙ፣ በረኪና ያለበትን ግን አታድርጉ። ከችግኙ ዙሪያ ደረቅ ሳርና ቅጠል ጣል አድርጉ፣ እርጥበቱ ይቆያል።

ብር የለውም ይሄ ስራ፣ ቀድማችሁ እወቁት፣ ሰርተፍኬት ከፈለጋችሁ በመጀመሪያው ቀን ሳይሆን ከወራት በኋላ ጠይቁ፣ ይሰጣችኋል። ማህበሩ መዋጮ የሚሰበስብ ከሆነ ደረሰኝ ይኑር፣ ሂሳቡ በየወሩ ለአባላት ይነበብ፣ ይሄን መጠየቅ ነውር አይደለም።

አንድ የቀረኝ፣ ከድሬ የምትወጡ ከሆነ፣ ለስራም ለትምህርትም፣ አስሩን ችግኝ ዝም ብላችሁ ጥላችሁ አትሂዱ። የሚረከባችሁን ሰው ፈልጉ፣ አንድ ጠዋት አብራችሁ ዙሩ፣ የትኛው ደከም እንዳለ፣ የትኛው ጋ ፍየል እንደምትመጣ፣ ውሃ ከየትኛው ቤት እንደሚቀዳ እያሳያችሁ፣ ለባለቤቲቱም ከዛሬ ጀምሮ የሚመጣው እሱ ነው ብላችሁ አስተዋውቁት። ጀሪካኑንም እዛው ለሱ ስጡት።